ንብ አይጾምም ያልኩበት ቀን

አንድ ሰው «እንዲህ አድርጉ» ብሎ አዟችሁ፣ ምክንያቱን ግን ሳይነግራችሁ ቀርቶ ያውቃል? እናንተም ምክንያቱን በራሳችሁ ገምታችሁ፣ የገመታችሁት ደግሞ የማይረባ መስሎ ስለታያችሁ፣ ትእዛዙን «አሻሽላችሁት» ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው፤ እኔ አንድ ጣቴ ላይ ብቻ ተነደፍኩ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን የባዮሎጂ ፈተና አርም ነበር። ማስተማር ከጀመርኩ ገና አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ስይዝ አሁንም ደስ ይለኛል። መጋቢት ስለሆነ ነፋሱ ደረቅ ነው፤ አቧራው ወረቀቱ ላይ ይተኛል። አንዲት ንብ መጥታ የብርጭቆዬ ጠርዝ ላይ ዐረፈች። ቀጥላ ሌላ መጣች፤ ከዚያ የስኳር ዕቃው ላይ አምስት ስድስት ሆኑ። አስተናጋጇ ፎጣ ይዛ መጣች።

«ምን አባታቸው ፈልገው ነው እንዲህ የሚወሩን?»

«ርቧቸው ነው» አልኳት።

«አበባቸውን አይቀስሙም ታዲያ?»

«በዚህ ወር የት አለ አበባ?»

አስፋልቱን ግራ ቀኝ አየችና «እውነትሽን ነው» ብላ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ መለሰችው። እኔም ከዚያ በኋላ ማረም አልቻልኩም፤ ሐሳቤ ወደ ዓይናለም፣ ወደ አቦይ ተክላይ አራት ቀፎዎች ሄደ።

ዓይናለም የከተማው ጫፍ ነው፤ መቀሌ የምትጠጣው ውሃ ከዚያ ጉድጓዶች ይመጣል። አባቴ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ለውሃ ሥራ መጥቶ እናቴን አገባና በዚያው ቀረ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ትግርኛ እየተናገርን አደግን። የተከራየነው ቤት ባለቤት አቦይ ተክላይ በዚያው ግቢ ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ሚስታቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ከድንጋዩ አጥር ሥር በገዛ እጃቸው የሠሯቸው አራት የሣጥን ቀፎዎች ነበሯቸው። ክረምቱ አልፎ ኮረብታው ላይ ተበብና ግርቢያ የሚባሉት ዕፅዋት ሲያብቡ፣ ከነዚያ ሣጥኖች እንደ ቅቤ የነጣ ማር ይወጣ ነበር።

እኔ የድሮ የፊት መሸፈኛቸውን አጥልቄ ማጨሻውን እይዝላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ንቦቹ ሰም የሠሩበትን ፍሬም አንስተው ያሳዩኛል። «እያየሽ ዝም በይ» ነበር የማስተማር ዘዴያቸው። ከመጠየቅ ይልቅ ማስረዳት ለምትወድ ልጅ ይህ ዘዴ በጣም ይመቻል። እርሳቸው ዝም ባሉበት ቦታ ሁሉ ምክንያቱን እኔ ራሴ እፈጥርለት ነበር፤ ማታ ደግሞ ደብተሬ ላይ እንደ እውቀት እጽፈዋለሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ተቋረጠ፤ አበባውም ሳይጠገብ ረገፈ። የካቲት ሲያልቅ ቀፎዎቹ ቀልለው ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት አቦይ ተክላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃ አዳልጧቸው ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ዓይደር ሆስፒታል ተኙ። እናቴና እኔ የጾም ምግብ፣ ሕልበትና ስልሲ፣ በምሳ ዕቃ ይዘን፣ በሚኒባስ ከዚያም በባጃጅ ሄድን። ስንደርስ ነርሷ እየለመነቻቸው ነበር።

«አባባ፣ በሽተኛ አይጾምም። ትንሽ ይቅመሱ።»

«ፀሐይ ትግባ፣ እበላለሁ።»

«ገና ስምንት ሰዓት ነው እኮ!»

«ታዲያ ፀሐይዋ የት ትሄዳለች? ትገባለች፤ እጠብቃታለሁ።»

ነርሷ እየሳቀች ሄደች። አቦይ ተክላይ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ቀፎዎቹን ከኋላ በኩል ቀስ አድርገሽ ብድግ አድርገሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ አቦይ። ቀለዋል። አራተኛውማ ባዶ ይመስላል።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ከራባቸው ጥለው ይሄዳሉ። የኛ አገር ንብ ቁጭ ብሎ ረኀብ አይጠብቅም። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ማቆየት ነው። ስኳር በጥብጠሽ ስጪያቸው፤ ነጩን ስኳር። አንድ ጣሳ ስኳር፣ አንድ ጣሳ ውሃ። ከክዳኑ ሥር፣ ከፍሬሞቹ በላይ አስቀምጪላቸው።»

«ሕራይ አቦይ፣ እሺ።»

«ፀሐይ ሳትገባ ግን እንዳይቀምሱ። ሰማሽኝ? ፀሐይ ሳትገባ እንዳይቀምሱ።» እጄን ያዙኝ። «ከነርሱ ሌላ ግቢው ውስጥ የሚጠብቀኝ የለም። አደራ።»

አደራውን ተቀበልኩ፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ግን ፈገግ አልኩ። ምስኪን አቦይ፣ እርሳቸው እስከ ማታ ስለሚጾሙ ንቦቹንም ሊያስጾሙ! እናንተስ ብትሆኑ ሌላ ምን ትገምቱ ነበር?

ቤት ስንደርስ የመጀመሪያው ክርክር በስኳር ላይ ሆነ። ያኔ ስኳር ከሸማቾች ሱቅ በወረፋ ነበር የሚገኘው፤ የወሩ ድርሻችን ማጀት ውስጥ ባለ ቆርቆሮ ይቀመጣል።

«ለንብ? ለሰው ያልበቃውን ስኳር ለንብ?» አለች እናቴ።

አባቴ ከጋዜጣው ላይ ቀና አለ። «ልጅቷ አደራ ተቀብላለች። እኔ ሻዬን ከዛሬ ጀምሮ ያለ ስኳር ነው።»

«ጠዋት ሦስት ማንኪያ ያደረግከው ሰውዬ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ነው ያልኩት፤ ጠዋት አልፏል።»

ቆርቆሮው ተሰጠኝ። ደብተሬን አወጣሁና ዕቅድ ጻፍኩ። አስተሳሰቤ ይህ ነበር፤ ንብ የምትበረው በፀሐይ ነው፤ ሲሞቃት ትፈጥናለች፤ ስለዚህ ምግቡን ጠግባ እንድትበላ መስጠት የሚገባው በእኩለ ቀን ነው። ከታች «ንብ አይጾምም» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሽታው እንዲስባቸውም ከገበያ የመጣ ማር አንድ ማንኪያ ጨመርኩበት፤ ይህንን ማንም አላዘዘኝም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መሸፈኛዬን አጥልቄ፣ ማጨሻውን አቀጣጥዬ፣ አራቱንም ቀፎዎች ከፈትኩ። ያገኘሁት ሳህን ጎድጓዳ ስለነበር ክዳኖቹ በደንብ አልገጠሙም፤ ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች። ስቀዳም ቸኩዬ በሣጥኖቹ ጎን ላይ አፈሰስኩ። ምንም አልመሰለኝም። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ቆሜ ተመለከትኩ። ንቦቹ ተንጫጩ፣ ገቡ፣ ወጡ፣ በዙ። ደስ አለኝ። እንዲያውም እጅግ በዙ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከላይ ሠፈር፣ የማላውቃቸው ንቦች እንደ ጢስ እየተጠቀለሉ መጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በአራተኛው ቀፎ በር ላይ ንቦች ተያይዘው መሬት ላይ ይንከባለሉ ጀመር። አንዷ ሌላዋን በክንፏ ትጎትታለች። ይህ ግብዣ አልነበረም፤ ዘረፋ ነበር። ጠንካሮቹ ቀፎዎች በሩን ሲከላከሉ፣ ደካማው አራተኛው ተሸነፈ፤ እንግዶቹ በበሩም፣ እኔ በተውኩት ክፍተትም እየገቡ ማሩን ሳይቀር ይዘው ይወጣሉ።

ከአጥራችን ማዶ አደይ አብረኸት የሚባሉ ጎረቤታችን ሻይ ይሸጡ ነበር። ከሣጥኑ የተራረፈው መንጋ የስኳር ሽታ ተከትሎ ወደዚያ ዞረ። ወዲያው ጩኸት ሰማሁ፤ አግዳሚ ወንበር ወደቀ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ደንበኞች ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ሮጡ። አደይ አብረኸት የግራ ዐይናቸውን በእጃቸው ይዘው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ዋይ አንቺ ልጅ! ምን አድርገሽ ነው ያሳበድሻቸው?»

«አበላኋቸው፣ አደይ!»

«እኔን ነው ያበላሻቸው!»

መሮጥ ነበረብኝ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላወቅኩም። የቅዳሜ ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከገመዱ ላይ ያልደረቁ አንሶላዎችን ሰብስቤ ቀፎዎቹን አለበስኳቸው፤ አንዷ ጣቴን ብትነድፈኝም በሮቻቸውን በእርጥብ ሣር ጠቀጠቅሁና ጠባብ መግቢያ ብቻ ተውኩ። ሳህኖቹን አውጥቼ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጸጥ እስኪል ድረስ አመሸ። አራተኛውን ቀፎ ስከፍት ወለሉ በሬሳ ተሸፍኖ ነበር። ሰሙ ተቦጫጭቋል፤ ንግሥቲቱ የለችም። በሕይወት የነበሩት ጥቂቶች ማዕዘን ላይ ተጠጋግተው ዝም ብለዋል።

አደይ አብረኸት ዐይናቸው አብጦ፣ ሻሻቸውን በግንባራቸው ላይ አስረው ወደ ግቢያችን መጡ። አልጮኹም፤ ያ ደግሞ ባሰ። «እኔ በዚህች ሻይ ነው የምኖረው። እነዚህን ሣጥኖች ከዚህ አንሷቸው፤ ካልሆነ ነጭ ጋዝ አርከፍክፌ አቃጥላቸዋለሁ» ብለው ሄዱ። ቀፎ ወዴት ይነሣል? ባለቤታቸው አልጋ ላይ ነው፤ እኛ ሌላ ቦታ የለንም። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ካልተመገቡ ጥለው ይሄዳሉ፤ እኔ ዳግመኛ ከተሳሳትኩ ይቃጠላሉ።

እናቴ «ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም፤ ሲሻለው ያውቀዋል» አለች። እውነቷን ነበር። ቢሆንም ሳልነግራቸው የሚቀጥለውን ሳህን እንዴት እንደማስቀምጥ አላውቅም ነበር፤ የምጠይቀው ሌላ ሰው የለም። እሑድ ጠዋት ብቻዬን ዓይደር ሄድኩ። በመንገድ ሙሉ የምናገረውን በቅደም ተከተል አጠናሁት፤ አልጋው አጠገብ ስደርስ ቅደም ተከተሉ ጠፋኝ።

«አራተኛው ሞተ፣ አቦይ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«በስንት ሰዓት ሰጠሻቸው?»

«በስድስት።»

«በቀትር?! ለምን?»

«እርስዎ ስለሚጾሙ ነው እንዲያ ያሉኝ መስሎኝ… ንብ አይጾምም ብዬ።»

ፊታቸው ተጨማደደ፤ ሕመሙ የጀመራቸው መሰለኝ። ሳቅ ነበር። ዳሌያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ኧረ አታስቂኝ፣ በጃኺ፣ አጥንቴ! እኔ መቼ ይጾማሉ አልኩ? ሌባ አለ ብዬ ነው እንጂ! በቀን ስኳር ከሸተተ የአገሩ ንብ ሁሉ ይመጣል። ፀሐይ ስትገባ ግን እንግዳው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ይበላል፣ ይጠርጋል፣ ያጸዳል። ሲነጋ ሽታም የለ፣ ሌባም የለ።»

ስለ ገበያው ማር ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። የሌላ ቀፎ ማር ሽታው ዘራፊ ከመጥራቱ ሌላ የሌላውን ቀፎ በሽታ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ማር ለንብ እንደማይሰጥ ነገሩኝ።

«ይህንን ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፤ ቁጣ ነበረበት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«እኔስ ማን ነገረኝ? ‹ማታ ስጥ› አሉኝ፤ ቀን ሰጠሁ። አንድ ቀፎ ሞተብኝ፤ ተማርኩ። አንቺም አንድ ሞተብሽ። የትምህርቱ ዋጋ ያው ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሦስቱን ግን አትርፊልኝ» አሉ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደብተሬን አውጥቼ እየጻፍኩ፣ እያንዳንዱን ነገር «ለምን?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። እርሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም በይ አላሉኝም።

ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ አደይ አብረኸት ሄድኩ። ብርጭቆ ያጥቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ሦስት ምሽት ይስጡኝ አደይ። በአራተኛው ቀን አንዲት ንብ በኔ ጥፋት ብትመጣብዎ፣ ጋዙን እኔ ራሴ እገዛለሁ።»

«ዐይኔን ታያለሽ?»

«አያለሁ።»

«በደንብ እያት።» አየኋት። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ገልብጠው አንጠባጠቡና «ሦስት» አሉ። «አራት የለም።»

እንዲህ አደረግሁ። ውሃውን አፍልቼ ከእሳት ካወረድኩ በኋላ ነው ስኳሩን የጨመርኩት፤ ስኳር እሳት ላይ ቆይቶ ካረረ የንብን ሆድ ይጎዳል። እስኪጠራ አማሰልኩትና ክንዴ ላይ ጠብ ሳደርገው ሙቀቱ እስከማይሰማኝ አቀዘቀዝኩት። ጎድጓዳውን ሳህን ትቼ ዝርግ የቆርቆሮ ክዳን መረጥኩ፤ በላዩ የታጠበ ጭድ በተንኩበት፤ ንብ የምትቆምበት ካላገኘች በምትበላው ውስጥ ትሰጥማለችና። የቀፎው ክዳን በደንብ እንዲገጥም ባዶ ሣጥን ከላይ ደረብኩ። የቀፎዎቹን በር በሣር አጥብቤ ሁለት ጣት ብቻ ተውኩ፤ ጠባብ በር ለጥቂት ዘበኛ ይበቃል። ሦስቱንም በአንድ ምሽት፣ ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትወርድ መገብኳቸው። አንድ ጠብታ ስትወድቅብኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኋት። በአንድ ሌሊት ከሚጨርሱት በላይ አልሰጠሁም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ክዳኖቹን አወጣሁ፣ በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ የተራረፈችውን ለነገ ሳላስቀምጥ ራቅ ብዬ ቀበርኳት፤ ያደረ ብጥብጥ ይኮመጥጣል።

በመጀመሪያው ጠዋት አንደኛው ክዳን ላይ ሦስት የሰጠሙ ንቦች አገኘሁ፤ ጭዱን አበዛሁት። በሁለተኛው ጠዋት አንድም የሞተ አልነበረም። በሦስተኛው ምሽት ሥራዬን ስጀምር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አደይ አብረኸት ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው ቆመዋል።

«ራቅ ይበሉ አደይ።»

«ርቄያለሁ። ሥራሽን ሥሪ።»

አንዱን ክዳን አስገባሁ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሣጥኖቹን ዘጋሁ። ተጠባበቅን። ከበሮቹ የወጣ አንድም አልነበረም። ሰማዩ ቀልቶ ጠቆረ፤ የሚሰማው ከውስጥ የሚመጣ ዝግ ያለ ድምፅ ብቻ ነበር።

«እየበሉ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ፤ ሕፃን እንዳይነቃ የሚሉ ይመስል።

«እየበሉ ነው።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ሄጄ ሻይ ቤታቸው ደጃፍ ቆምኩ። ስኳር ዕቃው ላይ ሁለት ንቦች ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በደግ ቀን እንኳ ሃያ ይሆኑ ነበር። ፍርዴን ጠበቅሁ። አደይ አብረኸት ወደ ውስጥ ገብተው በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ስኳር ይዘው ወጡ።

«ሲሰርቁኝ ከሚውሉ ልስጣቸው። ቤታቸው ይብሉ፤ እኔ ዘንድ አይምጡ።»

እስከ ሰኔ ዝናብ፣ በየሁለት በየሦስት ቀኑ፣ እንዲሁ ቀጠልን። መጀመሪያው አበባ ሲታይ መመገብ አቆምኩ፤ አበባ እያለ ስኳር የሚሰጥ ሰው ማር ሳይሆን ስኳር ነው የሚቆርጠው። አቦይ ተክላይ በከዘራ ወደ ግቢው ሲገቡ ሦስቱ ቀፎዎች ይጮኹ ነበር። ባዶውን አራተኛ ሣጥን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ ክዳኑ ላይ ተቀመጡበትና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ያቺ ቦታ እስካሁን ካገኘኋቸው ምስክር ወረቀቶች ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ በቀን ውስጥ ስንት ትእዛዝ እንደምሰጥ ቆጥሬ አላውቅም። ቤተ ሙከራ ውስጥ «ይህን ቀድማችሁ፣ ያንን ቀጥላችሁ» ስል አንዳንድ ተማሪ ፈገግ ሲል አያለሁ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ በልቡ አንድ ምክንያት ፈጥሮልኛል፣ እርሱንም ንቆታል። ያኔ ቆም ብዬ ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ክፍለ ጊዜዬ ቢያልቅም እነግረዋለሁ። ምክንያቱን የማላውቀው ትእዛዝ ሲያጋጥመኝ ደግሞ ለተማሪዎቼ አላውቀውም እላቸዋለሁ። ይህ ከማስረዳት ይልቅ ይከብደኛል።

እንግዲህ እናንተም ሞክሩት። ቀፎ ካላችሁና ወሩ የደረቀ ከሆነ፣ ዛሬ ፀሐይ ስትገባ አንድ ጣሳ ነጭ ስኳር በአንድ ጣሳ ውሃ በጥብጡ፤ ጭዱን አትርሱ፣ በሩን አጥብቡ፣ ጎሕ ሳይቀድ ሄዳችሁ ክዳኑን እዩት። ቀፎ ከሌላችሁ፣ አንድ ሰው «እንዲህ አድርጉ» ብሎ ትቷችሁ የሄደውን አንድ ነገር አስቡና፣ ሰውዬው በሕይወት እያለ፣ ሄዳችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።